የወላጆች ሰሃን

ካሪያኩ ደሴት፣ ካሪቢያን፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1991

ለአጎቴ ልጅ ልጅ፣ ለውድ ኢዮኒ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሰውነትሽ ሞቆ፣ እግርሽ ደርቆ፣ ልብሽም አርፎ ያግኝሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን እኔን እንጂ ሌላ ሰው አላስቸገረም።

እንደ ልማዴ የትምህርት ተርሙ ሲዘጋ ባሕር ማዶ ላሉት ዘመዶቻችን ሁሉ የምጽፈውን ላንቺም እጽፋለሁ። የትምህርት ቤታችን ልጆች ዘንድሮ ሃያ ስድስት ደርሰዋል። የመንግሥት ተቆጣጣሪ «ይሄ ትምህርት ቤት ሳይሆን ዛፍ ስር የተቀመጠ ቤተሰብ ነው» ብሎኝ የሄደው ትዝ ይልሻል? ይምጣና ይይ! ጣሪያ አለን፤ ሦስት ክፍል አለን፤ ደወል አለን። ደወሉን ሚስተር ክሪስፒን ከአንዲት አሮጌ ጀልባ ላይ ነቅሎ ነው ያመጣው። የማን ጀልባ እንደሆነች አልጠየቅኩም።

ይኸው ሚስተር ክሪስፒን ክፍልፋይ የሚያስተምረው ጀልባ እያሠራ ነው። ተርሙ ሲያልቅ ትልልቆቹ የሠሯቸውን ትንንሽ ጀልባዎች ባሕር ዳር ወስደን አወዳደርናቸው። የሊንተን ገና ስትለቀቅ ሰጠመች፤ ልጁ ግን ምን አደረገ መሰለሽ? ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደ ካፒቴን ሰላምታ ሰጠ። አጨበጨብንለት። በገና ትርኢቱ ላይ ደግሞ ከቤተልሔም በጎች አንዱ አያቱን ከሕዝቡ መሃል አየና «ግራኒ፣ ሽንቴ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ዮሴፍ ራሱ ሳቀ።

አዲስ መምህርት መጥታልናለች፤ ሚስ ፕሩደንስ ትባላለች፣ የባርቤዶስ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ ወረቀት ታበዛለች እንጂ። ማስነጠስ ቢያምራት እንኳን መጀመሪያ በጽሑፍ ሳታሳውቅ አታስነጥስም።

ዚታ ደህና ናት። በንባብ አንደኛ ወጥታለች። ረዝማለች።

ባለፈው ኦገስት እመጣለሁ ብለሽ ነበር። የልብሱ ሣጥን በየጊዜው ይደርሳል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ደብዳቤው ግን ሁልጊዜ የሚመጣው በኔ ስም ነው። ለልጅሽ ለዚታ ለራሷ በስሟ አንድ ገጽ ጻፊላት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ፖስታ መክፈት ታውቃለች።

ታንቲሽ ዩትሪስ


ሃደርስፊልድ፣ እንግሊዝ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1992

ለተከበሩና ለምወድዎ አክስቴ፣ ታንቲ ዩትሪስ፤

የጉልበትዎን ሕመም ፈጣሪ ከእርስዎ አንስቶ ያሳርፍልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት እንደ ድሮው ነው፤ አንሶላ አያልቅም።

ስለ በጉ ያነበብኩት ሥራ ላይ ሆኜ ነው፤ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ። ዚታ በንባብ አንደኛ በመውጣቷ ደስ ብሎኛል። ጫማና ሹራብ በሣጥን ልኬያለሁ። የጫማዋን ቁጥር በግምት ነው የገዛሁት።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ከእንግዲህ በቤቴ አድራሻ አይጻፉልኝ፤ ከዚህ በታች በጻፍኩት በሥራ ቦታዬ አድራሻ ይላኩልኝ። የምንኖርበት ሰፈር ፖስታ ይጠፋል። የዚታን ፎቶግራፍም ቢልኩልኝ፤ ትንሽ ይሁን፣ የኪስ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ።

ለዚታ እጽፋለሁ። ጊዜ ሳገኝ በደንብ እጽፍላታለሁ። ሳሙልኝ።

ልጅዎ ኢዮኒ


ካሪያኩ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1992

ለውድ ኢዮኒ፤

ነፋሱ ለኛ እንደበረታ ላንቺ ደግሞ ለስለስ ይበልልሽ። እኛ ሁላችንም አለን።

ሁለተኛው ተርም ትናንት ተዘጋ። በክር የሚበር የወረቀት ካይት ሠራን፤ አሥራ ሁለቱ በረሩ፣ አራቱ የቄሱ ዛፍ ላይ ቀሩ። ቄሱ ተቆጥተው መጡና ሻይ ጠጥተው ሄዱ። በስፖርት ቀን የሎሚና የማንኪያውን ሩጫ ዚታ አሸነፈች። ሌሎቹ ሲሮጡ ሎሚው ይወድቅባቸዋል፤ እሷ ማንኪያዋን ይዛ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ከሎሚው ላይ ሳታነሳ ተራመደችና አንደኛ ሆነች። ሰው ሁሉ ስሟን እየጠራ ሲጮህላት ቀና እንኳን አላለችም።

ሚስ ፕሩደንስ «ቤተሰቤ» የሚል ድርሰት አጽፋ ነበር። ዚታ ስለ ፍየሌ ሁለት ገጽ ጻፈች። ጥሩ ድርሰት ነው፤ ፍየሏም የምትወደስ ፍየል ናት። እኔ ግን ድርሰቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

ፎቶውን ልኬልሻለሁ። ሳቂ ብያት ነበር።

የፖስታው ነገር አልገባኝም። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠፋ ደብዳቤ አሁን ምን ሆኖ ነው የሚጠፋው? አልጠይቅሽም። ግን ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል? ዚታ የፖስታዋ ጀልባ በመጣች ቁጥር ከሁሉ ቀድማ ወደብ ላይ ትገኝ ነበር፤ ከማርች ወዲህ መሄድ ትታለች። ሂጂ ስላት «ሥራ አለብኝ» ትለኛለች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ምን ሥራ አላት?

ጻፊላት፣ አንቺ ልጅ።

ታንቲሽ ዩትሪስ


ሃደርስፊልድ፣ ጁን 14 ቀን 1992

ለተከበሩ ታንቲ ዩትሪስ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጉልኝ። አላመመኝም። ልጽፍ ስቀመጥ እጄ እሺ አይለኝም።

ፎቶው ደርሶኛል። የእናቴን ግንባር ይዛለች። እንዲህ ትልቅ ሆናለች ብዬ አላሰብኩም፤ በሐሳቤ ሁልጊዜ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ቀሚሴን ይዛ ወደቡ ላይ የቆመችው።

ዘንድሮም ኦገስት ላይ መምጣት አይሆንልኝም። ለሚመጣው ዓመት በሏት። ወይም ምንም አይበሏት።

ኢዮኒ


ካሪያኩ፣ ጁላይ 12 ቀን 1992

ኢዮኒ፤

ሰላምታውን ላሳጥረው፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፣ አሜን። የዓመቱ መዝጊያ አርብ ዕለት ነበር። ማን ምን እንደተሸለመ ለሌሎቹ ዘመዶች ጽፌያለሁ፤ ከነሱ ትሰሚዋለሽ። ላንቺ የምነግርሽ ሌላ ነው።

ሚስ ፕሩደንስ እንደ ልማዷ ለየቤቱ ወረቀት በተነች። «በወላጆች ቀን እያንዳንዱ ልጅ አንድ የወላጆች ሰሃን ይዞ ይምጣ፤ ሰሃኑ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፍበት» ይላል። እሷ ያሰበችው ለእንግዶቹ ምሳ ነው። እኔ መነጽሬን ሳላደርግ ፈረምኩበት። የዚህ ደሴት ሰው ደግሞ የወላጆች ሰሃን ሲባል ለማን እንደሚቀርብ አስረዱኝ አይል። ድስቱን ጣደ!

አርብ ጠዋት ትልቁን ክፍል ስከፍት እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ሃያ ስድስት ሰሃን! ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ጨው ያልነካው የበቆሎ ገንፎ፣ የበግ ቅቅል፣ አተር፣ በየሰሃኑ አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውሃና አንድ ሻማ። ሚስተር ክሪስፒን ጥግ ላይ ቆሞ ለአባቱ ረም አረቄ ጠብ ያደርጋል፤ እሱ እኮ ተማሪም አይደለም! ሚስ ፕሩደንስ ሹካ ይዛ ትቀምሳለች።

«ምነው ጨው ረሱ ሁሉም?» አለችኝ።

«ሹካሽን አስቀምጪ፣ ልጄ። የሞተ ሰው ምግብ ነው የምትበዪው።»

«የምን የሞተ ሰው? እኔ ወላጆች ነው ያልኩት!»

«እዚህ አገር ወላጆች ካልሽ ከመሬት በታች ያሉትን ነው። ከመሬት በላይ ያሉትን እናትና አባት ነው የምንላቸው።»

ሹካው ከእጇ ወደቀ። ሚስተር ክሪስፒን «አይዞሽ፣ የኔ አባት ሰው አብሮት ሲበላ ደስ ይለዋል» አላት። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቤተሰቡም ሲመጣ ነገሩን ሰምቶ እስኪያነባ ሳቀ፤ ከዚያ ግን «አንዴ ከቀረበ ቀርቧል፤ በሩን ዝጉና ይብሉ፤ ልጆቹ ኋላ ይሻሙበታል» ተባለ።

በሩን ከመዝጋቴ በፊት ስሞቹን እያነበብኩ ዞርኩ። ግራንፓ ቦስተን። ታንቲ ሉሲላ። የሊንተን አባት፣ ባሕር የወሰደው። በመስኮቱ በኩል የመጨረሻው ሰሃን በዚታ የእጅ ጽሑፍ «እናቴ ኢዮኒ ኖኤል» ይላል።

ኢዮኒ፣ መነጽሬን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ሐሙስ ማታ ወጥ ቤቴ ገብታ ስትሠራ አይቻታለሁ እኮ። ለአያቷ፣ ለእናትሽ መስሎኝ ማንኪያ እንኳን አቀብያታለሁ።

ጠራኋት። «ዚታ፣ ተሳስተሻል፤ እናትሽ በሕይወት አለች» አልኳት።

«እንደዚህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ» አለችኝ። «የሊንተን አያትም አባትህ አሩባ ሥራ ሄዷል እያሉ ሁለት ዓመት ደብቀውታል።»

«ታዲያ ሣጥኑን ማን ይልከዋል?»

«ልብስ ማንም ይገዛል። ደብዳቤ ነው የሞተ ሰው የማይጽፈው።» ከዚያ ደግሞ እጄን ይዛ፣ እኔን ልታጽናና፦ «አልቀየምሽም፣ ታንቲ። እንዳላለቅስ ብለሽ ነው።»

ሰሃኑን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ፤ ሁሉም ያያል፤ መለስኩት። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት። ከሙታኑ ጋር አንቺንም ዘጋሁብሽ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሁለት ሴትዮዎች «ነፍስ ይማር፣ ለምን አልነገርሽንም?» ብለው አቀፉኝ። ነገሩ እዚህ ደርሷል! አንጀቴ ተቃጥሏል፣ ኢዮኒ። ኦገስት ይቅር፣ ሣጥኑም ይቅር። በገዛ እጅሽ፣ በስሟ፣ «አለሁ» ብለሽ ጻፊላት። ለኔ ደግሞ የምትደብቂውን ንገሪኝ፤ ልጅ እያለሽም መደበቅ አትችዪበትም ነበር።

ዩትሪስ


ሃደርስፊልድ፣ ኦገስት 2 ቀን 1992

ለተከበሩ ታንቲ ዩትሪስ፤

ደብዳቤዎን ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ በኋላ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ጠይቀውኛልና ልንገርዎ።

ባል አለኝ። ዴዝሞንድ ይባላል፤ አውቶቡስ ይነዳል፣ ጥሩ ሰው ነው። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን «ልጅ አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለኝም» አልኩት። ለምን እንዳልኩት ዛሬም አላውቅም። ብቻዬን ነበርኩ፣ በርዶኝ ነበር፣ ሰው ፈገግ ብሎ ሲያናግረኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ ሠርግ መጣ። አሁን ወንድ ልጅ አለን፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ቃል ነበር፣ ታንቲ። አሁን ቤት ሆኗል፤ ውስጡ ነው የምኖረው።

የፖስታው ነገር ለዚህ ነው። ፎቶዋ ሥራ ቦታ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎበታል። ጠዋት ጠዋት አይቼው እቆልፍበታለሁ።

ልጽፍላት ያልሞከርኩ እንዳይመስልዎ። «ውድ ልጄ» ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ስለ ልብስ ማጠብ ብቻ እንዴት አንድ ገጽ ይጻፋል? እቀደዋለሁ።

የምለምንዎትን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰሃኑን ካቀረበች በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለች? ከተኛች ይተዉት። አንዴ አልቅሳ ይወጣላታል። ልጅ የለኝም ያለች እናት ከምትኖራት የሞተች እናት ትሻላታለች። ሞታለች ይበሏት፣ ታንቲ። በእናቴ ነፍስ እለምንዎታለሁ።

ኢዮኒ


ካሪያኩ፣ ኦገስት 20 ቀን 1992

ኢዮኒ፤

ሰላምታ የለኝም። ተናድጃለሁ፤ ተናድጄም እያለቀስኩ ነው የምጽፈው፤ ቀለሙ ከፈሰሰ እንደዚያ እወቂው።

አርባ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ለስንቱ ልጅ መርዶ ነግሬያለሁ፤ ለሊንተን የነገርኩት እኔ ነኝ። ቆመሽ እየሄድሽ፣ አንሶላ እያጠብሽ፣ ያንቺን መርዶ ንገሪ ትዪኛለሽ? አላደርገውም። የእናትሽንም ነፍስ አታንሺብኝ።

ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ። ዚታን ደረጃው ላይ አስቀምጬ «እናትሽ ጽፋለች፤ ለኔ ነው የጻፈችው፤ ግን ያንቺም ነው» አልኳትና ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዴዝሞንድን አነበብኩ። የለኝም ያልሽውን አነበብኩ። የመጨረሻዋን፣ ሞታለች ይበሏት ያልሽባትን ግን እንዳላየሁ አልፌ ስምሽ ላይ ደረስኩ። ትንንሾቹን ሳስነብብ መስመሩን በጣት ተከተሉ ነው የምላቸው፤ ይህቺም ከጎኔ ሆና በጣቷ እየተከተለች ኖሯል!

«ታንቲ፣ መስመር ዘለልሽ» አለችኝ።

«አልዘለልኩም።»

«ዘለልሽ። ይኸው።» ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ አነበበችው፣ ነጥቡን ጠብቃ፣ ሳትደናቀፍ፣ ልክ ለሽልማት እንደምታነብ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እንደዚያ ቀን ማስተማሬን ረግሜው አላውቅም።

አላለቀሰችም። አጣጥፋ መለሰችልኝና «ስለዚህ አልሞተችም» አለች። ለሁለት ቀን ከሚስተር ክሪስፒን ጋር እንጨት ስትልግ ዋለች፤ እሱ ደግ ነው፣ ምንም አልጠየቃትም። ለምሳ ስጠራት «ጠገብኩ» ትላለች። ሴትዮዎቹ ሊያጽናኑ ቢመጡ በር ላይ ቆማ «እናቴ አለች፤ እንግሊዝ አገር ነው ያለችው፤ እዚያ ሌላ ቤት አላት» ብላ መለሰቻቸው። እኔ አልነበርኩም፤ ከነሱው ነው የሰማሁት። እንዴት አፍረው እንደተመለሱ!

በሦስተኛው ቀን ዓሣዋን እየበላች ቆም አለች።

«ያ ልጅ ለኔ ምኔ ነው?»

«ወንድምሽ ነዋ» አልኳት።

«ስሙ ማነው?»

ደብዳቤውን አመጣን። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች ፈለግን። አልጻፍሽውም። ያን ሁሉ ስለ ራስሽ ኃጢአት ስትጽፊ የልጁን ስም ረሳሽ! ዚታ ሁለቴ አገላብጣ አየችውና «ጠይቂያት» አለችኝ። ነይ በያት አላለችኝም፣ ለምን በያት አላለችኝም። ያዘዘችኝ ይህንን ብቻ ነው።

መልሱን ለኔ አትጻፊው። እኔ ልጅሽን አሳድጌያለሁ፤ ፖስታ አመላላሽ ግን አይደለሁም።

ዩትሪስ


ሃደርስፊልድ፣ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1992

ለዚታ ኖኤል፤

ይህን የምጽፍልሽ እናትሽ ነኝ። አለሁ።

«ውድ ልጄ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እንድልሽ ትፈቅጂልኝ እንደሆነ ስላላወቅኩ ተውኩት። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።

ያነበብሽውን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳላስብ ነው አልልሽም። አስቤበት ነው የጻፍኩት፣ ሦስት ቀን። ላንቺ የሚሻል መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን የሚሻለው ለኔ ነበር።

ባለፈው እሁድ ለዴዝሞንድ ነገርኩት። ፎቶሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ብዙ አየው። «ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሳሎን ይተኛል። ምን እንደሚወስን አላውቅም፤ ስለዚህ ላንቺም ምንም ቃል አልገባልሽም። እመጣለሁ የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ዋሽቼበታለሁ። ፎቶሽ ግን አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ያነሳው የለም።

የጠየቅሽው ይኸውልሽ። ወንድምሽ ጀሮም ይባላል። ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። ጉንጩ ትልቅ ነው፣ ካሮት ይጠላል፣ ጫማውን ራሴ ካላደረግኩ ብሎ ያለቅሳል። ፎቶሽን እያሳየሁ ስምሽን ነገርኩት። መጨረሱ አቃተው፤ «ዚ» ብሎ ያቆማል። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ከዚያ በየክፍሉ ዞሮ፣ አልጋ ስር ሳይቀር ፈልጎ መጣና ቀሚሴን ይዞ «ዚ የታለች?» አለኝ።

ኢዮኒ